ዜሮ ሲመጣባችሁ

ልጆች፣ ጠፈርተኞች ከበረራ ሲመለሱ ሰዉ ሁሉ ካሜራውን ይዞ ወደ እነሱ ይሮጣል። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት ኪሳቸው ውስጥ የነበረችውን ትንሽ ነገር ስጠብቅ ነው። ከጥፍር የማትበልጥ የሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታል ናት። ጨረር ሲያገኛት ከጉልበቱ ጥቂቱን ይዛ ታስቀራለች። ላብራቶሪ ውስጥ ስናሞቃት ያንን ጉልበት በብርሃን መልክ ትለቀዋለች። ብርሃኑን ለክተን ሰውየው ምን ያህል ጨረር እንደወሰደ እናሰላለን።

ክፋቱ፣ አንዴ ከሞቀች ያየችውን ሁሉ ትረሳለች። ድጋሚ ማንበብ የለም።

ጀማሪ እያለሁ አንዷን አበላሸኋት። የብርሃን መለኪያውን ሳላበራ ማሞቂያውን አስነሳሁት። የመጣልኝ ዜሮ ነው። አጠገቧ የነበሩት ክሪስታሎች ተቀራራቢ ቁጥር ስለሰጡ የእነሱን አማካይ ልጽፍላት ቃጣኝ። ማን ያውቃል? ለካ አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። «አልተነበበም ብለህ ጻፍ» አሉኝና ሄዱ። የዚያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ዜሮ የፈተነው ግን እኔን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ኤክስፕሎረር 1 የተባለችው ሳተላይት ጨረር በመታው ቁጥር የሚቆጥር መሣሪያ፣ የጋይገር ቆጣሪ፣ ይዛ ወጣች። ከፍ ወዳለው ቦታ ስትደርስ ቆጣሪው ዝም አለ። ጨረር የለም ማለት ነው? ቆጣሪውን ያዘጋጁት ሳይንቲስት ጄምስ ቫን አለንና ባልደረቦቹ እንዲህ ብለው አላለፉትም። ተመሳሳይ ቆጣሪ ወስደው ላብራቶሪ ውስጥ ኃይለኛ ኤክስሬይ ለቀቁበት። እሱም ዝም አለ! ጥያቄ ሲዘንብበት አፉ እንደሚተሳሰር ሰው፣ ቆጣሪው ከመጠን በላይ ስለተመታ ነበር ያልቆጠረው። ምድርን የከበበው የጨረር ቀበቶ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬም በቫን አለን ስም ይጠራል።

እኔ የምወዳት ክሪስታልም ሙሉውን አታይም። ከሩቅ ጠፈር የሚመጣው ጨረር አብዛኛው ፕሮቶን ነው። በመሃሉ ግን እንደ ብረት ያሉ ከባድ ኒውክለሶች፣ ማለትም የአቶም እምብርቶች፣ አሉ። ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም በሰውነት ሴል ላይ ጉዳታቸው ብዙ ነው። ክሪስታሏ ደግሞ እነዚህን አሳንሳ ነው የምታነባቸው። ስለዚህ አጠገቧ ሲአር-39 የሚባል ፕላስቲክ እናስቀምጣለን። ከባዱ ኒውክለስ ሲያልፍበት የማይታይ ጠባሳ ይተውበታል። ፕላስቲኩን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ስንዘፈዝፈው ጠባሳው ጉድጓድ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቁጭ ብሎ መቁጠር ነው እንግዲህ። አንገት ያደርቃል፤ ግን ፕላስቲኩ ቢያንስ አይረሳም።

አሁን መንኮራኩር ውስጥ ሆነው በየደቂቃው የሚያነቡ መሣሪያዎች አሉላችሁ። ቅናት ይዞኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 አርቴሚስ 1 በተባለው ሰው ያልተሳፈረበት የናሳ በረራ ሄልጋና ዞሃር የተባሉ ሁለት የሴት አሻንጉሊቶች በሺዎች የሚቆጠሩ መለኪያዎች ተሸክመው ጨረቃን ዞረው ተመልሰዋል። መከላከያ ሰደርያ የለበሰችው ዞሃር ብቻ ነበረች። እንዲህ ያለ ዳታ ሲደርሳችሁ ቁጥሩን ከማድነቃችሁ በፊት መሣሪያው የትኛውን ጨረር አሳንሶ እንደሚያይ፣ ስንት ሲመታ አፉ እንደሚያያዝ ጠይቁ። ማኑዋሉ ውስጥ ካጣችሁት ራሳችሁ ጨረር አሳዩትና ሞክሩት።

ዜሮ ከመጣባችሁ ደግሞ፣ ስለ አዲስ የተፈጥሮ ሕግ ከማለማችሁ በፊት ሶኬቱን እዩ። ስንቴ ተነቅሎ አግኝቼዋለሁ መሰላችሁ።