ቅዳሴው በበረከት፣ ሂሳቡ በውል

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ። ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመረቅሁ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ደብር ሂሳብ ክፍል ሊቀጥረኝ ነው። አስተዳዳሪው ግን «ቅዳሴም ትገባለህ፣ ደመወዙ ያው አንድ ነው። ውል ምን ያደርግልሃል፣ ቤትህ አይደል እንዴ?» አሉኝ። ጓደኞቼ ደግሞ «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፤ ቢያባርሩህ ፍርድ ቤት አይሰማህም» ይሉኛል። ልግባ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ ዲያቆን፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ! ሥራውን ያዘው። ያለ ውል ግን እንዳትገባ።

ጓደኞችህ ግማሹን አውቀዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንዱም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። ስለዚህ ማን ይቀድስ፣ ማን ከአገልግሎት ይታገድ የሚለውን ዳኛ አይወስንልህም። የወር ደመወዝና የዓመት ፈቃድስ የሃይማኖት ጉዳይ ነው?

ይህ ጥያቄ ከዓመታት በፊት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚያርመው የመጨረሻው ችሎት) ደርሶ ነበር። ችሎቱ የቤተ ክርስቲያን ሠራተኞችን ለሁለት ከፈላቸው። መንፈሳዊ አገልግሎት የሚሰጡት፣ ማለትም ቄሱና ዲያቆኑ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አይዳኙም። ለእነሱ መንገዱ ሰበካ ጉባኤና ሀገረ ስብከት ነው። አስተዳደራዊ ሥራ የሚሠሩት ግን እንደማንኛውም ሠራተኛ በአዋጁ ይሸፈናሉ። የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም ደግሞ የታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።

አንተስ ከየትኛው ነህ? ከሁለቱም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤህ «ዲያቆን እና ሂሳብ ሠራተኛ» ብሎ በአንድ መስመር ቢጽፍህ፣ ነገር የመጣ ዕለት ደብሩ «የቀጠርነው አገልጋይ ነው» ይላል። አንተ «ፔይሮል ስሠራ፣ ደረሰኝ ስመዘግብ ነው የዋልኩት» ትላለህ። እንግዲህ ወረቀት ያለው ያሸንፋል።

(አሜሪካ ሄጄ ላገልግል የምትሉም ብዙ ናችሁ። እዚያም ቢሆን ያው ነው። በፈረንጆች 2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ልዩነት በሰጠው ውሳኔ፣ የሃይማኖት አገልጋይ ተብላ የተቆጠረች የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህርት በአድልዎ ሕግ አሠሪዋን መክሰስ አትችልም ብሏል። ሴትዮዋ አብዛኛውን ቀን የምታስተምረው ተራ የቀለም ትምህርት ነበር። በ2020 ደግሞ ከማዕረጉ ይልቅ የሚሠራው ሥራ እንደሚታይ አስረግጧል።)

ስለዚህ ሁለቱን ለያቸው። የሥራ ውሉ ላይ የሥራ መደቡ «የሂሳብ ሠራተኛ» ብቻ ይሁን። ዝርዝሩ ይጻፍ፦ የሙዳየ ምጽዋት ቆጠራ መመዝገብ፣ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ፣ ደመወዝ ማዘጋጀት። የሥራ ሰዓቱም ይጻፍ። ቅዳሴው በውሉ ውስጥ አይግባ፤ በፈቃድህ የምታገለግለው ነው። ይህን ለአስተዳዳሪው ለመንገር አታፍር። «አባታችን፣ ቅዳሴውን በበረከት፣ ሂሳቡን በውል ያድርጉልኝ» ብትላቸው የሚቀየሙ አይመስለኝም። ከተቀየሙም ከመፈረምህ በፊት ማወቅህ ጥሩ ነው።

«ውሉ ይደርሳል፣ አንተ ጀምር» ካሉህስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) የቃል ውልንም ይቀበላል። ግን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ ፊርማ ያለበት ጽሑፍ ሊሰጥህ ይገባል። የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድህ 16 የሥራ ቀን ነው። ጡረታንም ጠይቅ፤ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው የሚቆረጠው። ደብሩ ያስገባ እንደሆነ ከአሁኑ እወቅ፤ አንዳንዱ ጋ ነገሩ የሚነሳው ሰው ሲያረጅ ነው።

አንድ ነገር በደንብ ያዝ። ከተሰናበትክና ወደ ሥራዬ ልመለስ ካልክ ክስ የምታቀርበው በ3 ወር ውስጥ ነው። ብዙ ልጆች በሽማግሌና በ«አባታችን ይታረቁናል» ሲመላለሱ ይህ ቀን ያልፍባቸዋል። ሽምግልናውን ቀጥል፣ የቀን መቁጠሪያውንም እያየህ።

ለመስጊድ ጸሐፊውም፣ ለወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ካሸሯም ምክሬ ይኸው ነው። አንተ ግን ነገ ስትሄድ የውሉን ረቂቅ ራስህ ጽፈህ ሂድ። ሂሳብ አዋቂ ነህ፣ ሁለት ኮፒ አድርገው፤ አንዱ ማኅተም ተመትቶበት እናትህ ቤት ይቀመጥ።