ለዕለት ሥራ የሚሆን ርካሽ ታጣፊ ሰንጢ፦ ለጥያቄህ ረዘም ያለ መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደንብ አይቼዋለሁ። የዕቃ ማከፋፈያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ካርቶን ትከፍታለህ፣ ሲባጎ ትቆርጣለህ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብርቱካን ትልጣለህ። መርካቶ ያየኸው አንድ ጥቁር ታጣፊ ሰንጢ ዓይንህ ገብቷል። ስዊዘርላንድ ያለችው አክስትህ ደግሞ በቅርቡ ልትመጣ ነው። «ዋጋው የማይከብድ፣ ግን ቶሎ የማይበላሽ የቱ ነው? እዚሁ ልግዛ ወይስ ላስመጣ?» ነው ያልከው።

መልሴን ላስቀድም። አክስትህ መምጣቷ ካልቀረ ቪክቶሪኖክስ የሚባለውን ትንሽ ቀይ የስዊዘርላንድ ሰንጢ ታምጣልህ። እሱ ካልሆነ ኦፒኔል የሚባለውን ባለ እንጨት እጀታ የፈረንሳይ ሰንጢ። ሁለቱም ካልተሳካ መርካቶም ደህና ሰንጢ ይገኛል። ግን በመልኩና በላዩ በተጻፈው ሳይሆን በእጅህ ፈትነህ ነው መግዛት ያለብህ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚህ ላይ ስለሆነ አፈታተኑን ዘርዘር አድርጌ እነግርሃለሁ።

እኔ የምሠራው የሶላር ተከላ ላይ ነው። ሰንጢ ከኪሴ አይጠፋም። ኬብል እልጣለሁ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ እቆርጣለሁ፣ ገጠር ስንወጣ ማንጎና ሸንኮራ አለ። ከውድም ከርካሽም ብዙ ዓይነት ይዤ ሠርቻለሁ። አብሮኝ የቆየው ግን ውዱ አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ሥራህ ካርቶን መክፈት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰንጢ አትግዛ እልህ ነበር። ካተር ይበቃሃል። ካርቶን ለስላሳ ይመስላል እንጂ የማንኛውንም ሰንጢ ስለት ቶሎ ያዶለድማል። ካተር ሲዶለድም ጫፉን ሰብረህ ትጥላለህ፣ አዲሱ ይወጣል። ስለዚህ ካርቶኑን ለካተር ተወው፣ ሰንጢውን ለቀረው ሥራ ያዘው። ካተሩን ግን ወደ ምግብ አታስጠጋው። እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ሰንጢው። ርዝመቱን አታጋን። ስለቱ ከ6 እስከ 8.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የዘረዘርከውን ሁሉ ይሠራል። ከዚያ በላይ ሲሆን ኪስ ይከብዳል፣ ብርቱካን ለመላጥ አይመችም፣ ሰውም በሌላ ዓይን ያይሃል። ይሄን የመጨረሻውን አትናቀው። አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ ስትገባ፣ ሆቴል ስትገባ፣ ትልቅ ሕንፃ ስትገባ ፍተሻ አለ። ሰንጢ የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ሰው ጆሮ ላይ ከዘራፊ ጋር ነው የሚያያዘው። ጥቁር፣ ረጅም፣ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ነገር ከኪስህ ሲወጣ ጥበቃው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ጠርሙስ መክፈቻና ካቻቢቴ ያለው ትንሽ ቀይ ሰንጢ ሲሆን «የሥራ ዕቃ ነው» ስትል ያምንሃል፤ ቢበዛ እዚህ አስቀምጠህ ግባ ይልሃል። ያየኸውን ጥቁሩን አትግዛ የምልህ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መቆለፊያው ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ።

በርካሽ የሚሸጡት አብዛኞቹ ሰንጢዎች በእጀታው ውስጥ ስስ ላሜራ አላቸው። ስለቱ ሲከፈት ላሜራዋ ወደ መሃል ትመጣና ከስለቱ ሥር ትገባለች። በዚያ ሰዓት ሰንጢው አይታጠፍም። ጥሩ ሆኖ ሲሠራ አስተማማኝ ነው። መጥፎ ሆኖ ሲሠራ ግን መቆለፊያ ከሌለው ይብሳል፣ ምክንያቱም ተቆልፏል ብለህ ታምነዋለህ፣ እሱ ደግሞ ጣትህ ላይ ይታጠፋል።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ሳለህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ እንደታጠፈ ከላይ እየው። ስለቱ በሁለቱ ጎኖች መሃል መቀመጥ አለበት። አንዱን ጎን ከነካ በከፈትከው ቁጥር እየተፋቀ ይሄዳል። ቀስ ብለህ ክፈተው። እንደ አሸዋ የሚከረክር ስሜት ካለው አስቀምጠው። ከተከፈተ በኋላ እጀታውን በአንድ እጅ ያዝ፣ በሌላው የስለቱን ጀርባ ይዘህ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቀው። ትንሽ ከተነቃነቀ ማጠፊያው ላይ ያለውን ብሎን በማጥበቅ ይስተካከላል። አሁን ደግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። በዚህ በኩል ከተነቃነቀ መቆለፊያው አልገጠመም ማለት ነው። እሱን ብሎን አያድነውም፤ መልስለት።

ቀጥሎ ላሜራዋ የት ላይ እንደቆመች ተመልከት። ከስለቱ ሥር ውፍረት አንድ ሦስተኛውን ያህል ገብታ ብትቆም ጥሩ ነው። ጠርዙን ብቻ ነክታ ከቆመች ትንሸራተታለች። ገና አዲስ ሆኖ ወዲያኛው ጎን ድረስ ከሄደች ደግሞ ከጊዜ በኋላ ሲበላ የምትገባበት ቦታ የላትም። በመጨረሻ የስለቱን ጀርባ ከእንጨት ጠረጴዛ ጠርዝ ጋር አስደግፈህ ቀስ እያልክ ተጫነው። ጣቶችህ ስለቱ በሚታጠፍበት መንገድ ላይ እንዳይሆኑ ተጠንቀቅ። ከታጠፈ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትውሰደው። ሻጩ «አትንካው፣ አትክፈተው» ካለህም ሌላ ሱቅ ሂድ።

ስለቱን ለማየት ወደ ብርሃን አዙረው። የተሳለ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም። ጠርዙ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ወይም መስመር ካየህ እዚያ ቦታ ላይ ዶልድሟል ወይም ተሰብሯል። ይሄ እንኳ በመሳል ይስተካከላል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅምሃል።

ስለ ብረቱ ሻጮች ብዙ ያወራሉ። አንተ የምታየው ስለቱ ሥር የተጻፈውን ነው። የቻይና ሰንጢዎች ላይ 3ሲአር13 (3Cr13) ወይም 8ሲአር13 (8Cr13) የሚል ታገኛለህ። የፊተኛው ቁጥር የካርቦኑን፣ የኋለኛው የክሮሚየሙን መጠን ይጠቁማል። 3 ሲል 0.3 በመቶ ገደማ ካርቦን፣ 8 ሲል 0.8 በመቶ ገደማ ማለት ነው። 13ቱ ደግሞ 13 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ነው፤ ዝገት የሚከላከለው እሱ ነው። ካርቦኑ ከፍ ሲል ብረቱ ጠንክሮ ስለቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ 8ሲአር13 ካገኘህ እሱን ውሰድ። ባለ 3ቱ ቶሎ ይዶለድማል። «ስቴንለስ» ብቻ ተብሎ ምንም ቁጥር ከሌለው ለስላሳ ነው ብለህ ገምት። ዲ2 (D2) የሚል ካየህ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ግን ለመሳል ያስቸግራል፣ ካልጠረግከውም ይዝጋል። ለጀማሪ አልመክርም። ቁጥሩን ማንም ማተም ስለሚችል ደግሞ እላይ የነገርኩህን የእጅ ፈተና አይተካልህም።

ቪክቶሪኖክስን ለምን አስቀደምኩ? ካርል ኤልስነር የሚባል ሰው በ1884 ኢባክ በሚባል የስዊዘርላንድ መንደር የጀመረው ቢላ ሥራ ነው። በ1891 ለስዊዘርላንድ ወታደሮች ሰንጢ አቀረበ። ዛሬ የምናውቀው ቀዩ ዓይነት መነሻ ደግሞ የ1897ቱ የመኮንኖች ሰንጢ ነው። ለአንተ ስፓርታን የሚባለውን እመርጣለሁ። ሲታጠፍ 91 ሚሊ ሜትር ነው። ትልቅና ትንሽ ስለት፣ የቆርቆሮና የጠርሙስ መክፈቻ፣ የወይን ቡሽ ማውጫና መውጊያ አለው። የጠርሙስ መክፈቻው ጫፍ ካቻቢቴ ነው። ሥሩ ላይ ያለችው ትንሽ ቅድ ደግሞ የሽቦ ልጣጭ ታወጣለች፤ እኔ በየቀኑ እጠቀምባታለሁ። መውጊያው ጆንያ ለመብሳትና ቀበቶ ላይ ቀዳዳ ለመጨመር ነው። ብረቱ በጣም ጠንካራ የሚባል አይደለም፣ ግን በቀላሉ ይሳላል፣ አይዝግም። ለዕለት ሥራ የሚያስፈልገው ይሄ ነው።

መቆለፊያ የለውም። ስለቱን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ከጀርባው ያለው ሞላ ብቻ ነው። ስለዚህ በጫፉ ወደፊት እየገፋህ አትውጋበት፤ ሊታጠፍብህ ይችላል። ወደ ራስህ ወይም ወደ ጎን እየሳብክ ቁረጥ፤ ለመውጋት መውጊያው አለልህ።

አስመስሎ የተሠራው ብዙ ስለሆነ ተጠንቀቅ። ቀይ እጀታና መስቀል ያለበት ሁሉ ቪክቶሪኖክስ አይደለም። የእውነተኛው ስም በትልቁ ስለት ሥር ተቀርጿል። ሁሉም መሣሪያዎች ሲከፈቱ በአንድ ዓይነት ጥብቀት ይወጣሉ። በአስመሳዩ ላይ አንዱ ጥፍር ይነቅላል፣ ሌላው ይወላለቃል። አሥራ አምስት ዓይነት ዕቃ ታጭቆበት በትንሽ ገንዘብ የሚሸጠውንም እለፈው። አንዱም በወጉ አይሠራም።

ኦፒኔል ደግሞ የፈረንሳይ ነው፤ በ1890 በሳቮይ ተራሮች አካባቢ ዮሴፍ ኦፒኔል የሠራው የገበሬ ሰንጢ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ እንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንድ ቀለበት። ቀለበቷ በ1955 ነው የተጨመረችው። ስታዞራት ስለቱ ይቆለፋል። ከላሜራው መቆለፊያ ይልቅ እሷን አምናታለሁ፣ ምክንያቱም መቆለፏን በዓይንህ ታያለህ። 8 ቁጥሩ 8.5 ሴንቲ ሜትር ስለት አለው፣ ክብደቱ ኪስ ውስጥ አይታወቅም፣ አውሮፓ ውስጥ ዋጋው ከርካሾቹ ነው። ስለቱ ስስ ስለሆነ ፍራፍሬና ዳቦ ላይ ቪክቶሪኖክስን ይበልጣል። ስታስመጣ ስለቱ ላይ ኢኖክስ (INOX፣ የማይዝግ ማለት ነው) የሚል ያለበትን በል። ካርቦን የሚለው ስለቱን አሳምሮ ይይዛል፣ ግን ብርቱካን ቆርጠህ ሳትጠርገው ካደረ ጠቁሮና ዝጎ ታገኘዋለህ።

አንድ ጉድለት አለው። ክረምት ላይ እርጥበት ሲገባው እንጨቱ ያብጥና ስለቱ አልወጣ ይላል። በጥፍርህ አትታገለው። ቀለበቷን ፈትተህ የእጀታውን የኋላ ጫፍ ጠረጴዛ ላይ ኳ ኳ አድርገው፣ ስለቱ ብቅ ይላል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ አትጠበው።

መሳል ካልተማርክ ግን የቱንም ብትገዛ ለውጥ የለውም። መሳያ ድንጋይ ከሌለህ የቡና ሲኒ ገልብጥ። ሥሯ ላይ ያለው ያልተለበጠ ሻካራ ቀለበት በጣም ደህና መሳያ ነው። ስለቱን በትንሹ ቀና አድርገህ፣ 20 ዲግሪ ገደማ፣ ስስ ሽፋን ከሲኒው ላይ የምትቆርጥ ይመስል ወደፊት ግፋው። ከሥሩ እስከ ጫፉ በአንድ ጊዜ። ሁለቱንም ጎን እኩል አድርግ፣ በኃይል አትጫን። አንዱን ጎን ስትስል በሌላው በኩል ጣትህን የምትይዝ ቀጭን ሻካራ ነገር ጠርዙ ላይ ከተሰማችህ እየሠራ ነው። በስተመጨረሻ በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ሻካራ ጎን ላይ ወደኋላ ብቻ እየጎተትክ ጨርሰው። ደረሰኝ ወረቀት ሳይቀድ ከቆረጠ ይበቃል። በጣም የዶለዶመውን ግን ሲኒ አይመልሰውም፤ ድንጋይ ይፈልጋል።

ጎማ እያሽከረከሩ ሰፈር ለሰፈር የሚስሉልን ሰዎች ለወጥ ቤት ቢላና ለመጥረቢያ ባለሙያ ናቸው። ለትንሽ ሰንጢ ግን አትስጣቸው። የሚሽከረከረው ድንጋይ ስስ ስለት ላይ ብዙ ብረት ይበላል፣ ሙቀቱም የጠርዙን ጥንካሬ ያወርደዋል።

ለማጠፊያው የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ጠብታ በየጊዜው ጣል አድርግ። የምግብ ዘይት አይሆንም፣ ይደርቅና ይጣበቃል። ሌላው ደግሞ፣ ቁርጥ አትብላበት። ደሙና ስቡ ማጠፊያው ውስጥ ይገባል፣ ለማጽዳት አሳር ነው። ሥጋ ቤቱ ቢላ ይሰጥሃል።

እዚህ ግሩፕ ውስጥ ውጭ ያላችሁም ስላላችሁ ይሄን ልጨምር። እንግሊዝ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ የሚቻለው ስለቱ ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥና የማይቆለፍ ታጣፊ ብቻ ነው። ኦፒኔል 8 በሁለቱም ይወድቃል፤ ስፓርታን ያልፋል። ጀርመን ደግሞ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፈውን ያለ ምክንያት ይዞ መዞር ክልክል ነው። አውሮፕላን ላይ የትም አገር ብትሆኑ በእጅ ሻንጣ አታድርጉት። አክስትህም በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ታስገባው፣ አለበለዚያ ፍተሻው ላይ ይቀራል።

አክስትህ ካልተሳካላትና መርካቶ ከሄድክ ሦስት ፎቶ አንሳና እዚሁ ላክልኝ። አንዱ ታጥፎ ከላይ፣ አንዱ ተከፍቶ ላሜራዋ የቆመችበት ቦታ፣ አንዱ ስለቱ ሥር ያለው ጽሑፍ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ጊዜ ኦንላይን ነኝ፣ ሳትከፍል በፊት አይቼ እነግርሃለሁ።