መልስ፦ መካነ ኢየሱስ ተጠምቄ ሙሉ ወንጌል ለምን ድጋሚ ተጠመቂ ይሉኛል?

እህቴ ሰላም፣ እጮኛዬ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን አባል ነው፣ እኔ በህፃንነቴ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቄያለሁ፣ አሁን እንደገና ተጠመቂ ተባልኩ፣ እምነታችን ይለያያል እንዴ ላልሽው። ዋናው ላይ አይለያይም። ስላሴ፣ የኢየሱስ ሞትና ትንሳኤ፣ ዳግም ምፅአት፣ መፅሐፍ ቅዱስ 66ቱ፣ ደህንነት በፀጋ በእምነት ብቻ (ኤፌሶን 2፥8) ሁለቱም ጋ ያው ነው።

ጥምቀቱ ላይ ግን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ስትመሰረት ጀምሮ ሉተራን (የማርቲን ሉተርን ትምህርት የምትከተል) ናት፣ ስለዚህ ጥምቀት እግዚአብሔር ለሰው የሚሰጠው ፀጋ ነው ብላ ስለምታምን ህፃንም ታጠምቃለች፣ ሙሉ ወንጌል ደሞ ጴንጤቆስጤ ስለሆነች መጀመሪያ ታምኛለሽ ከዛ ውሃ ውስጥ ትጠልቂያለሽ ነው ትምህርቷ፣ የማርቆስ 16፥16ን "ያመነ የተጠመቀም" ቅደም ተከተሉን እያዩ። ለነሱ የህፃኑ ጥምቀት ስላልተቆጠረ "ድጋሚ" እያሉሽ አይደለም፣ የመጀመሪያሽ ነው እያሉሽ ነው። ለመካነ ኢየሱስ ግን አንዴ የተሰጠ ነገር አይደገምም፣ እና ቤተሰብሽ ቢከፋቸው አይግረምሽ።

እኔ ራሴ ከቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ነኝ፣ እኛም ያመነን ነው የምናጠምቀው፣ ወራት ተምሬ ነጭ ጋውን ለብሼ ገንዳው ውስጥ ስገባ ውሃው እንዴት ይቀዘቅዝ እንደነበር አሁንም አልረሳውም 😂

ለሰርግ ብለሽ ብቻ ግን አትጠመቂ። መጋቢውን "ልጅ ሆኜ የተጠመቅኩት ለናንተ ምንድነው?" ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂው፣ እጮኛሽም አብሮሽ ይቀመጥ።