ሙሉ፣ መካከለኛ ወይስ ማእከላዊ? ስለ ጨረቃ ግርዶሽ አጠራር

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ስለ ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. ግርዶሽ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ ‹ማዕከላዊ የሙሉ ጨረቃ ግርዶሽ› ብዬ ጽፌ ነበር። የአማርኛ መምህር የሆኑት ባልደረባዬ ‹ማዕከላዊ› የሚለውን ሰርዘው ‹ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ› አደረጉት፤ ሌላዋ ባልደረባችን ደግሞ ‹መካከለኛ የጨረቃ ግርዶሽ› ቢባል ይሻላል አሉ። በዚህ መሐል ‹ግርዶሽ› ለፀሐይ እንጂ ለጨረቃ አይባልም የሚል ክርክርም ተነሣ። የትኛው ነው ትክክሉ?»

መልስ፦ የአማርኛ መምህሩ ባልደረባዎ «ማዕከላዊ»ን ሲሰርዙ ከቃሉ ጋር አንድ እውነትም አብሮ ተሰርዟል። በአማርኛ የሳይንስ ጽሑፍ ዘወትር የሚያሳስበኝ ነገር ይኸው ስለሆነ መልሴ ጥቂት ይረዝማል። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቅጽል መሸፈን እንደ ቀላልነት ይቆጠራል፤ ቆይቶ ልዩነቱን መናገር ሲያስፈልግ ቃል ይጠፋና አማርኛ ለሳይንስ አይበቃም ይባላል። ልዩነቱን ያጠፋነው ግን ቋንቋው ሳይሆን እኛው ነን።

ነገሩን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ለሌሎች አንባብያን ስል ብቻ ላስቀምጠው። ምድር ከፀሐይ በተቃራኒ የምትጥለው ድፍን ጥላ ጨረቃ በምትዞርበት ርቀት ላይ ወደ 9,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ የጨረቃ ወርድ 3,474 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ጨረቃ መላ አካሏ ጥላው ውስጥ ከገባ በኋላም ሰፊ ቦታ ይተርፋል። መላ አካሏ ከገባ ግርዶሹ ሙሉ ነው። ከዚህ አልፎ የጥላው ዛቢያ፣ ማለትም ከፀሐይ መሐል ተነሥቶ በምድር መሐል አልፎ የሚዘረጋው መሥመር፣ የጨረቃን ገጽ ከነካ ግርዶሹ ማእከላዊ ነው። ማእከላዊ የሆነ ሁሉ ሙሉ ነው፤ ሙሉ የሆነ ሁሉ ግን ማእከላዊ አይደለም። እኔ ሐረር ስለምኖር ይህን በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማችን በጀጎል ነው የማስበው፦ ከቡዳ በር ገብቶ ግንቡን ተከትሎ በሰንጋ በር የወጣ ሰውና ከሸዋ በር ገብቶ መሐል ያለውን አደባባይ ፈረስ መጋላን አቋርጦ በኤረር በር የወጣ ሰው ሁለቱም «ጀጎል ውስጥ ነበርሁ» ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ፈረስ መጋላን የረገጠው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው። «ሙሉ» ጨረቃ ምን ያህል እንደ ገባች ይናገራል፤ «ማእከላዊ» በየት በኩል እንዳለፈች ይናገራል። አንዱ መጠን ነው፣ አንዱ መንገድ።

እርስዎ የጻፉበት የሐምሌ 20 ቀን 2010ሩ ግርዶሽ ማእከላዊ ነበር። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ30 እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ከ13፣ ማለትም 103 ደቂቃ፣ ጨረቃ መላ አካሏ በጥላው ውስጥ ቆየ፤ በ21ኛው ክፍለ ዘመን ከዚህ የረዘመ የለም። ሰኔ 8 ቀን 2003 ዓ.ም. የታየውም ማእከላዊ ሲሆን 100 ደቂቃ ቆይቷል። በአንጻሩ መጋቢት 26 ቀን 2007 ዓ.ም. በፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል የታየው ግርዶሽ ሙሉነቱ አምስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር፤ ጨረቃ የጥላውን ጠርዝ ከውስጥ በኩል ታክካ አለፈች። መቶ ሦስቱንም ደቂቃ አምስቱንም ደቂቃ «ሙሉ» ብሎ ማለፍ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ለተማሪ የሚነግረው ጥቂት ነው።

ይህን የማይቀበል ወገን እንዳለ አውቃለሁ። ክርክሩም ቀላል አይደለም፦ ግንቦት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. የሆነው ግርዶሽ፣ እኛ ዘንድ ጨረቃ ፈጽማ ሳትጋረድ ጠለቀች እንጂ፣ ማእከላዊ ነበር፤ ሙሉነቱም 85 ደቂቃ ቆየ። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 እስከ 3 ሰዓት ከ52 የታየው ደግሞ 82 ደቂቃ ሲቆይ የጥላው ዛቢያ ከጨረቃ ጠርዝ ውጭ ለጥቂት ስላለፈ ማእከላዊ አይባልም። ታዲያ ለሦስት ደቂቃ ልዩነት ሌላ ስም ማውጣት ምን ይረባል? ይላሉ። ስሙ ግን ቀድሞውንም ለቆይታ የወጣ አይደለም። ቆይታውን የሚወስነው ጨረቃ ከምድር ያላት ርቀትም ጭምር ነው፤ የሐምሌ 20 ግርዶሽ ያን ያህል የረዘመው በማእከል ከማለፏም ሌላ ጨረቃ በዚያው ቀን ከምድር እጅግ ርቃ ዝግ ብላ ስለምትጓዝ ነው። መንገድን የሚናገር ቃል በሰዓት አይመዘንም።

ወደ ሰዋስው ልመለስ። «ማዕከላዊ የሙሉ ጨረቃ ግርዶሽ» ባሉት ውስጥ «ሙሉ» ያለ ቦታው ገብቷል። «የ» ከ«ሙሉ» ፊት ሲቀድም ቅጽሉ የሚገልጸው ጨረቃን ነው፤ የጨረቃ ግርዶሽ ደግሞ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ካልሆነ ከቶ አይደርስም። ስለዚህ «የሙሉ ጨረቃ ግርዶሽ» ከ«ጨረቃ ግርዶሽ» የተለየ ምንም አይናገርም፤ ከፊሉንም ግርዶሽ እንዲሁ ማለት ይቻላልና። ባልደረባዎ «ሙሉ»ን ወደ ፊት አምጥተው «ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ» ማለታቸው በዚህ ረገድ ልክ ነው፤ ቅጽሉ ዘርፉን ተሻግሮ ግርዶሹን ይገልጻልና። እኔ ብሆን «የጨረቃ ሙሉ ግርዶሽ» እል ነበር፤ ያኔ ማንም ሊያሳስተው አይችልም።

«መካከለኛ» ግን አይሆንም። መካከለኛ ገቢ፣ መካከለኛ ቁመት የምንለው በትልቅና በትንሽ መሐል ላለው ነው። «መካከለኛ ግርዶሽ»ን የሰማ ተማሪ ከሙሉ የሚያንስ፣ ከከፊል የሚበልጥ ግርዶሽ መሆኑን ይረዳል፤ ይህም ከእውነቱ ፈጽሞ ተቃራኒ ነው። «መካከለኛው ምሥራቅ»፣ «መካከለኛው ዘመን» እያልን በቦታና በጊዜ የምንጠቀምበት መሆኑን አልዘነጋሁም፤ በእነዚህም ቢሆን በሁለት ጫፎች መሐል ያለን ነገር እንጂ የአንድን ክብ መሐል ነጥብ አይናገርም።

ስለ «ማእከላዊ» አጻጻፍ ዝም ብዬ ባልፍ ደስ አይለኝም። እርስዎም ሆኑ ባልደረባዎ በዐይኑ ዕ ጽፈውታል፤ ጋዜጣውም፣ የመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያም፣ መማሪያ መጽሐፉም እንዲሁ ነው። የግእዙ ቃል ግን በአልፉ አ «ማእከል» ነው። በአማርኛ አልፍና ዐይን በድምፅ ስለማይለዩ ስሕተቱ እንዴት እንደ ገባ ማየት ቀላል ነው፦ ማዕበልና ማዕርግ በዐይን የሚጻፉ ናቸው፤ በእነሱ ዐይኑ የሥሩ ነው። ጸሐፊው በ«ማ» የሚጀምረውን ሁሉ በዚያው መንገድ ወሰደው። ነገር ግን ከ«አሰረ» የወጣው ማእሰር (ማሰሪያ)፣ ከግእዙ «አረረ» የወጣው ማእረር (መከር) በአልፍ እንደሚጻፉ ማእከልም በአልፍ ይጻፋል። «መካከል» የሚለው የአማርኛ ቃላችንም ከዚሁ የመጣ ነው፤ አልፉ ወድቆ ከው ተደገመ። ድምፁ አንድ ከሆነ ፊደሉ ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ፤ ፊደሉ የቃሉን ዘር ይጠብቃል፣ ዘሩን ያወቀ ተማሪ ደግሞ ማእከልንና መካከልን በአንድ ቤት ያገኛቸዋል። በዐይን የሚጽፈው ሰው ብዛት ከእኔ ወገን እጅግ እንደሚበልጥ ግን መካድ አልችልም። በተማሪ ወረቀት ላይ «ማዕከላዊ»ን ባይ ነጥብ አልቀንስም፤ እኔ ራሴ ግን በአልፍ መጻፌን አልተውም።

አሁን ወደ «ግርዶሽ»። ለጨረቃ አይባልም የሚለው ክርክር የቆየ ነው፤ የሚያነሡትም ሰዎች የሚሉት ይህን ነው፦ መጋረድ ጋራጅ፣ ተጋራጅና ተመልካች ይፈልጋል። በፀሐይ ግርዶሽ ጨረቃ በእኛና በፀሐይ መሐል ቆማ ትጋርዳታለች፤ በጨረቃ ግርዶሽ ግን በእኛና በጨረቃ መሐል የቆመ አንዳች ነገር የለም፤ ጨረቃ ፊት ለፊታችን ናት፣ ብርሃኗ ብቻ ሄዷል። ስለዚህ «የጨረቃ ጽልመት» እንበል ይላሉ።

ክርክሩ ብልሃት አለው፤ መነሻው ግን ስሕተት ነው። «ጋረደ» ተመልካች የግድ አያሻውም። እናት ሕፃኗን በነጠላዋ ከፀሐይ ስትጋርደው ተሳቢው ሕፃኑ ነው፤ ሕፃኑን ሁላችንም እናየዋለን፣ የቀረበት ፀሐይዋ ብቻ ናት። ዛፍ በረንዳን ጋረደ ስንልም በረንዳው ጠፋብን ማለታችን አይደለም። ምድርም ጨረቃን ከፀሐይ ብርሃን ትጋርዳታለች፤ ተገብሮውን ይዘን «ጨረቃ ተጋረደች» ብንል ከቤት ውስጥ አማርኛ አንድ ስንዝር አልወጣንም። «ጽልመት» ደግሞ የሚታየውን ነገር እንኳ አይገልጽም። በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ጨረቃ አብዛኛውን ጊዜ ትቀላለች፤ የፀሐይ ብርሃን በምድር ዙሪያ ባለው አየር ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ተበትኖ ቀዩ ታጥፎ ወደ ጥላው ይገባልና። ቀልታ የምትታይን ጨረቃ ጸለመች ማለት ዐይንን መካድ ነው።

የቃሉን መድረሻም ተመልከቱ። ግርዶ የሚጋርደው ነገር ነው፤ መጋረጃ መሣሪያው ነው፤ ግርዶሽ ግን ድርጊቱ ራሱ ነው። በ«ኦሽ» የሚጨርሱትን ስሞች በአንድ ላይ ብናሰልፍ፣ ጥሎሽ፣ አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ቅብብሎሽ፣ ሁሉም ከአንድ በላይ በሆኑ ወገኖች መሐል የሚደረግን ነገር የሚናገሩ ናቸው። ሰጪና ተቀባይ፣ አባራሪና ተባራሪ፣ ተደባቂና ፈላጊ ሳይኖሩ አይሆኑም። ግርዶሽም ብርሃን ሰጪ፣ ጋራጅና ተጋራጅ፣ ሦስት አካላት የሚገናኙበት ክስተት ነው፤ ለፀሐይም ለጨረቃም የሚመች ቃል በዚህ መድረሻ ተሠርቶ መገኘቱ ያስደስተኛል። ይህን ቃል ትቶ ሌላ መፈለግ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም።

በእርግጥ ሁለቱን በስም የሚለዩ ቋንቋዎች አሉ። በሐረርና በድሬዳዋ ዓረብኛ የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ ለጨረቃ ኹሱፍ፣ ለፀሐይ ኩሱፍ ይላል፤ የግርዶሽ ሶላትም በእነዚሁ ስሞች ይጠራል። ኹሱፍ ከመስመጥ ጋር ከሚዛመድ ግስ የወጣ ነው፤ ጨረቃ በጥላው ውስጥ ስትሰምጥ ማሰብ ደግሞ ውብ ነው። ይሁን እንጂ ዓረብኛ ሁለት ስላለው አማርኛም ሁለት ይኑረው ማለት አይገባም። በ«ጽልመት» መንገድ እስከ መጨረሻው የሄደ ሰው በግእዝ «ጽልመተ ወርኅ» (የጨረቃ ጽልመት) ማለቱ አይቀርም፤ ወርኅን ደግሞ ሐረሪው «ወሕሪ»፣ ትግርኛው «ወርሒ» ብሎ ለጨረቃ ሲያቆየው አማርኛ «ወር»ን ለሠላሳው ቀን ሰጥቶ ለሰማይዋ «ጨረቃ»ን ይዟል። የተከፋፈለውን ርስት መልሶ መቀላቀል አይቻልም።

የራሴን ምርጫ ከጠየቁኝ፣ «የእምብርት ግርዶሽ» ባይ ነኝ። በግእዝ ሕንብርት፣ በአማርኛ እምብርት፤ «በከተማው እምብርት» ሲባል የማይገባው ሰው የለም። «ማእከላዊ» ሲባል ግን የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ ወደ መንግሥትና ወደ ኮሚቴ ይሄዳል። ጉዳቱ፣ «እምብርታዊነት» ብሎ ለማርባት ሲሞከር ምላስ ይሰናከላል፤ «ማእከላዊነት» ግን ሳይሰናከል ይረባል። መምህራንም ይህንኑ ይዘዋል። እንግዲህ በቅጽልነት «ማእከላዊ»ን ልቀበል፤ እምብርትን ግን ለጥላው መሐል ልናስቀረው እንችላለን።

በዚህ መሠረት ዐረፍተ ነገርዎ እንዲህ ቢስተካከል እመርጣለሁ፦ «ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. የታየው ማእከላዊ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር፤ ጨረቃ የምድርን ጥላ እምብርት አቋርጣ ስታልፍ መላ አካሏ ለ103 ደቂቃ ከፀሐይ ብርሃን ተጋርዶ ቆየ።» «ማእከላዊ» ካሉ «ሙሉ»ን መደረብ አያስፈልግም፤ ማእከላዊ ሆኖ ሙሉ ያልሆነ የጨረቃ ግርዶሽ የለምና። የአማርኛ መምህሩ ግን «ሙሉ» ይግባ ብለው ከጸኑ «መላ አካሏ» የሚለውን «ሙሉ አካሏ» ቢያደርጉት አልቃወምም።