ዐሥር ቀን በጆርጅታውን፦ ለአስጎብኚነት ለሚዘጋጁ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂዬ፣

በቱሪዝም ሥራ አመራር ተመርቀው ሁለት ዓመት በአዲስ አበባ በትኬት ሽያጭ መሥራትዎን፣ ሐሳብዎ ግን ወደ ትውልድ ከተማዎ ወደ ሐረር ተመልሰው አስጎብኚ መሆን እንደሆነ ጽፈውልኛል። በማሌዥያ ፔናንግ ደሴት የምትማረው እህትዎ ለዐሥር ቀን እንደጋበዘችዎም ገልጸው፣ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለዚህ ጉዞ ማውጣት ለሙያዎ ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀዋል። ይሂዱ። ነገር ግን ከዐሥሩ ቀን ቢያንስ አራቱን በአንድ ጎዳና ላይ ለማሳለፍ ከወዲሁ ይወስኑ።

ጎዳናው በደሴቲቱ ዋና ከተማ በጆርጅታውን የሚገኘው፣ ጃላን መስጂድ ካፒታን ከሊንግ የሚባለው ነው። በሰሜን ጫፉ በ1818 (ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ተሠርቶ ያለቀው የእንግሊዞች የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጥቂት አለፍ ብሎ ቻይናውያን ለጓን ዪን፣ ለምሕረት አምላካቸው፣ ዕጣን የሚያጨሱበት ቤተ መቅደስ፣ ከጎኑ ባለው መንገድ በ1833 የተሠራው የታሚሎች (የደቡብ ሕንድ ሕዝብ) የማሃማሪያማን ቤተ መቅደስ፣ ቀጥሎም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከደቡብ ሕንድ የመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ያቆሙት መስጊድ ይገኛል። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ የእግር መንገድ ነው። ተራ ጎብኚ አራቱንም ፎቶ አንሥቶ በአንድ ሰዓት ይጨርሳቸዋል። እርስዎ ግን ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ዕጣኑ ሲጨስ፣ ዓርብ ቀትር ላይ ሰጋጆች ሲጎርፉ (በዚያን ሰዓት ከውጭ ሆነው ይመልከቱ)፣ ማታ ደግሞ በሕንዶች ሠፈር የአበባ ጉንጉን ሻጮች ሲደራላቸው እየተመላለሱ ይዩት። አንድን ስፍራ በየትኛው ሰዓት ማሳየት እንደሚገባ ማወቅ የአስጎብኚ ግማሽ ሙያው ነው፤ ይህንንም የሚያስተምር ክፍል እስካሁን አላየሁም።

ከዚያ በኋላ እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ይመጣል፦ እነዚህ ሰዎች እዚህ እንዴት ተሰበሰቡ? በ1786 ፍራንሲስ ላይት የተባለ እንግሊዛዊ ደሴቱን ከጎረቤቱ የማላዮች ግዛት ከኬዳ ሱልጣን ተቀብሎ ለእንግሊዞች የንግድ ድርጅት፣ ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ያዘ። ወደቡ ቀረጥ የማይከፈልበት ሆነ፤ ሰፋሪም የመነጠረውን መሬት እንዲይዝ ተፈቀደለት፤ ስለዚህ ከደቡብ ቻይና፣ ከታሚል አገር፣ ከሱማትራና ከአካባቢው ጠረፍ ነጋዴና ሠራተኛ ጎረፈ። ላይት ሠራተኞች ዱሩን እንዲመነጥሩለት በመድፍ የብር ሳንቲም ወደ ጫካው ተኮሰ የሚል ተረትም አለ። ተረቱን ይንገሩ፤ ተረት መሆኑን ግን አብረው ይንገሩ። ሱልጣኑ ደሴቱን የሰጠው ከሲያም (ከዛሬዋ ታይላንድ) የሚጠብቀው ኃይል አገኛለሁ ብሎ እንደነበር፣ ያም ሳይሆን ሲቀር በ1791 መልሶ ሊይዘው ሞክሮ መሸነፉንም አይዝለሉ።

«የተለያዩ ባህሎች ተቻችለው የሚኖሩባት ከተማ» የምትለውን ዐረፍተ ነገር በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር፤ በሐረርም በየቀኑ ትባላለችና። ውሸት አይደለችም፤ ነገር ግን ለእንግዳው ምንም አታሳየውም። በ1867 ጆርጅታውን ውስጥ ለዐሥር ቀን ያህል የጎዳና ውጊያ ተካሂዶ ነበር። ተዋጊዎቹ ግን በዘርና በሃይማኖት ተለይተው የተሰለፉ አልነበሩም፤ ሁለት የቻይናውያን የምሥጢር ማኅበራት ሲጣሉ እያንዳንዳቸው የሚያግዟቸው የሙስሊሞች ማኅበር፣ አንዱ ነጭ ባንዲራ ሌላው ቀይ ባንዲራ የሚባል፣ ከጎናቸው ነበራቸው። ይህን የሰማ እንግዳ የከተማዋ ሰዎች በንግድ፣ በጥቅምና በወዳጅነት ምን ያህል ተሳስረው እንደነበር ከጠቡ ራሱ ይረዳል።

ሰላሙን ለማሳየት ደግሞ ከምግብ ቤት የተሻለ ቦታ የለም። ሙስሊሙ አሳማ አይነካም፤ ብዙ ሂንዱዎች የበሬ ሥጋ አይበሉም፤ ቻይናዊው ቻር ኵዋይ ቲያው የተባለውን የሩዝ ፓስታ በአሳማ ስብ ሊጠብሰው ይችላል። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ተለይቶ በሚታወቅበት አገር ያደጉ ስለሆኑ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልግዎትም፤ አውሮፓዊው ጎብኚ የማያየውን እርስዎ ወዲያው ያያሉ። በተለይ ናሲ ካንዳር የተባለውን የታሚል ሙስሊሞች ሩዝና ወጥ ይቅመሱ፤ ስሙ ሻጮቹ ድሮ ምግቡን ግራና ቀኝ አንጠልጥለው በትከሻቸው ይሸከሙበት ከነበረው ዘንግ የመጣ ነው። ቡናም አይቅርብዎ። ቡና ቤቱ ኮፒቲያም ይባላል፤ «ኮፒ» በማላይ ቡና፣ «ቲያም» በሆክየን ቻይንኛ ሱቅ ማለት ነው። ፍሬውን በስኳርና በማርጋሪን ይቆሉታል፤ የሐረር ሰው ሲሰማ ሊያዝን ይችላል፤ ቢሆንም በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ሕዝብ አብሮ መቀመጡን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

በአርመን ጎዳና ሲያልፉ ደግሞ ትንሽ ይቁሙ። ከአርመናውያኑ የሳርኪስ ወንድማማቾች በ1880ዎቹ በጆርጅታውን ባሕር ዳር ዛሬም የሚሠራውን ኢስተርን ኤንድ ኦሪየንታል ሆቴል መሥርተዋል። በእኛም አገር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረር ላይ የነገደውን፣ «የሰርኪስ ባቡር» የተባለውን ማሽን ለአዲስ አበባ ያመጣውን ሰርኪስ ተርዚያንን ያውቁታል። ስማቸው ስለተመሳሰለ ዘመዳሞች ናቸው ብለው ለእንግዳ እንዳይነግሩ አደራ፤ ነገር ግን አርመናዊው ነጋዴ በሁለቱም ከተሞች ለምን እንደተገኘ ማሰብ ለአንድ ሙሉ የጉብኝት ገለጻ ይበቃል።

የመጨረሻው ትምህርት ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ የሆኑት የድሮ ቤቶች ኪራይ ለብዙ ጊዜ በሕግ ተወስኖ ይኖር ነበር፤ ሕጉ በ2000 ሲነሣ ብዙ ነባር ተከራዮች ለቀቁ። ከተማዋ ከሌላዋ የማሌዥያ ከተማ ከመላካ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው በ2008 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤቶች የእንግዳ ማረፊያና ካፌ ሆነዋል። የሐረር ጁገልም በ2006 ስለተመዘገበ ጥያቄው የእርስዎም ነው፦ እንግዳ የሚያመጣ ሰው ነዋሪውን እንዳያስወጣ ምን ያደርጋል? ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለኝም፤ የሚሰሟቸውን አስጎብኚዎች ግን ይጠይቋቸው።

አስጎብኚዎችን መስማት ስል ከፍለው ይሁን። ማሌዥያ ውስጥ ሙያው በፈቃድ የሚሠራ ስለሆነ፣ በጎብኚ ቪዛ ገብተው «ላግዝ» በማለት ችግር ውስጥ እንዳይገቡ። ሁለት የተለያዩ አስጎብኚዎችን በዚያው በአንዱ ጎዳና ይከተሉ፤ የት እንደቆሙ፣ ምን እንደዘለሉ፣ እንግዶቹ መቼ ስልካቸውን ማየት እንደጀመሩ ይጻፉ። በዘጠነኛው ቀን እህትዎን ይዘው ጎዳናውን እርስዎ ራስዎ ያስጎብኟት፤ ድምፅዎንም ይቅዱ።

ሲመለሱ በሐረር ከፈረስ መጋላ የሚነሣውን የመኪና ግርግርን መንገድ በዚያው ዘዴ በሦስት ገጽ ጽፈው ይላኩልኝ። ለአስጎብኚ ድርጅቶች የሚያስገቡት ማመልከቻ ከዚያ ጽሑፍ ጋር ተያይዞ እንዲሄድ እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ሳላየው አያስገቡት።