ሚዛኑ ስለቆመ ቀዶ ጥገናው ከሸፈ ማለት አይደለም

እህቴ፣ የጨጓራ ቅነሳ ቀዶ ጥገና ካደረግሽ በሦስተኛው ሳምንት ሚዛኑ አልነቃነቅ አለ፣ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብለሻል። ምንም አላጠፋሽም። እኔም በዚያው ሰሞን ደርሶብኛል፣ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ የወረደው ኪሎ ስብ ብቻ አልነበረም። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያስቀመጠውን ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት ሲጠቀም ውሃም አብሮ ይወጣል፣ 1 ግራሙ ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። በኋላ ሰውነት ውሃውን በከፊል መልሶ ሲይዝ፣ ስቡ እየቀነሰ እንኳ ሚዛኑ ዝም ይላል። እኔ ያኔ በቀን አራቴ እመዘን ነበር (እብደት ነው!)። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ወገብሽን በሜትር ለኪ፣ ሱሪሽ እየላላ ከሆነ እየቀነስሽ ነው።

በንዴት ምግብ እንዳታቆሚ። ፕሮቲንሽን እዪ፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ይመከራል፣ ሐኪምሽ የሰጠሽ ቁጥር ካለ ግን እሱን ያዢ።

ከወራት በኋላ የሚመጣው መቆም ሌላ ነው። ያኔ ጣፋጭ መጠጥና ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ መቀማመስን ፈትሺ፣ ጨጓራ ቢያንስም እነሱን አያስቆምም። የሚያስመልስሽ ወይም ምግብ አልወርድ የሚልሽ ከሆነ ግን እዚህ አትጠይቂ፣ ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ደውዪ።