መልስ፦ ሦስተኛው «ዱን» እስኪመጣ የትኛው መጽሐፍ ይነበብ?

ሁለቱን የ«ዱን» ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች አይተው፣ ሦስተኛው እስኪመጣ የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ፣ ግን ብዙ ጊዜ የለኝም ብለው ለጠየቁኝ ለእርስዎ የሚያስፈልገው፣ የ«ዱን» መጻሕፍት ደራሲ ፍራንክ ኸርበርት በ1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመው «ዱን መሲህ» ነው፤ የ2021 እና የ2024 ፊልሞች የ1965ቱን የመጀመሪያ መጽሐፍ («ዱን») ለሁለት ከፍለው ጨርሰውታልና። ከመጀመሪያው እጅግ ስለሚያንስ፣ ጊዜ የለኝም ያሉት ነገር አያሳስብዎ፤ ከቱሉ ዲምቱ መሃል ከተማ ሲመላለሱ ታክሲ ውስጥ ሊያነቡት ይችላሉ።

ነገር ግን ከፊልሙ በቀጥታ ወደዚህ መጽሐፍ የገባ ጓደኛዬ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ጀምሮ ግራ ሲጋባ አይቻለሁ። በሁለተኛው ፊልም መጨረሻ የዋናው ገጸ ባሕርይ የፖል ፍቅረኛ ቻኒ ተቆጥታ ትሄዳለች፣ የፖል እህት አሊያ ደግሞ ገና አልተወለደችም፤ በመጀመሪያው መጽሐፍ ግን ቻኒ ከፖል ጋር ትቀራለች፣ የፖል ቤተሰብ ጠላት የሆነውን ባሮን የምትገድለውም ሕፃኗ አሊያ ናት (ይህን መቀየራቸው እኔን አላስደሰተኝም)። ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል አስቀድመው ያንብቡ።